ክቡ ውስጥ የተነገረው

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬም ቆምን። ፋብሪካው ግቢ መሃል፣ ከዲክሲስ የሚመጣው ስንዴ ከሚራገፍበት ፊት ለፊት፣ ክብ ሠርተን። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ብርዱ በጫማ ሥር ይገባል። የማሸጊያ ክፍል ልጆች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ማንም ማንንም አያይም።

አቶ ናትናኤል ማን ይጀምር አለ። ደግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ ራሱ ጀመረ፤ ትናንት ከእናቱ ጋር በስልክ ማውራቱን ነገረን። አጨበጨብን። ወደ ሥራ።

ሐሳቡ የኔ ነው፤ ላንቺ ለደብተሬ ምን እደብቃለሁ። አቶ ናትናኤል አዲሱ ሥ/አስኪያጅ ነው፤ ከአ.አ. የመጣው በክረምቱ። ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ወስዶ "ኢንጌጅመንት" የሚል ቃል ይዞ ተመለሰ፤ ሠራተኛን ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ማስተሳሰር ማለት ነው። ሠራተኛው ፋብሪካውን አይወድም፤ ልጆቹ ዱቄትና ፓስታ ማሸግ በለመዱ ማግስት ጥለው ይሄዳሉ፤ የሚያስተሳስረን የጋራ ልማድ ያስፈልጋል፤ የሰው ኃይል ኃላፊ አንቺ ነሽ፣ አምጪ አለኝ። አመጣሁ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በክብ መቆም፤ አንድ ሰው ከቤቱ አንድ ደግ ነገር ይናገራል፤ ይጨበጨባል። "የጠዋት ክብ" ብዬ ስም ሁሉ አወጣሁለት። ደስ አለው። መሲ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ አለኝ። በዕድሜ የትና የት እበልጠዋለሁ። እኔ "እርስዎ" እለዋለሁ፣ እሱ "መሲ" ይለኛል።

በመጀመሪያው ቀን እጅ ለእጅ ተያያዙ ብሎ ነበር። ሙስሊሞቹ ሴቶች ወደ ኋላ ሸሹ። የማሸጊያዋ ሐሊማ ባትኖር እዚያው ይበተን ነበር። የማሸጊያ ልጆች የሚሰሙት እሷን ነው። ሴቶቹን በአንድ ወገን፣ ወንዶቹን በሌላ ወገን አቆመች፤ ያለ አንድ ቃል ክቡ ሞላ። እሱ ልብ አላለም።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

የጋራ ምሳ። ይሄ የሱ ሐሳብ ነው፣ የኔ አይደለም፤ ይመዝገብልኝ።

ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን አስቀረበ። ክርስቲያኑን አሰበ ማለት ነው። ሙስሊሙ ወንድ በዚያች ሰዓት ለጁምዓ መስጊድ እንደሚሄድ ነገርኩት። ይመለሱ የለ እንዴ አለ። ተመለሱ። ትሪው ተጠርጓል። ኦቦ ቃሲም፣ የወፍጮው ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ አየና ጠግበናል ብሎ ሳቀ። ሐሊማ ከድና ያስቀመጠችውን ሳህን ከጓዳ አወጣች። በዚያች ሳህን ዙሪያ ቆመው ጎረሱ። እኔ መስኮት መስኮት አየሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከፉርሽካው መጋዘን ጀርባ፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት፣ ሁሉም የቋጠረውን ይዞ ይወጣ ነበር። ድንች፣ ቂንጬ፣ ደረቅ ዳቦ፣ አንድ ላይ። የጾመኛው ለብቻ። ማንም አላደራጀውም። አቶ ና. ለንጽሕና ጥሩ አይደለም ብሎ በመስከረም ከለከለ። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከከለከልን በኋላ አብረው አይበሉም ብለን ምሳ እናዘጋጃለን። ሳቂ እስቲ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

አንድ ነገር ሆነ።

ኦቦ ቃሲም ተናገረ። ማንም አልጠራውም፤ ኮፍያውን አውልቆ ወደ መሃል አንድ እርምጃ ገባ። ልጁ ዓረብ አገር ናት። ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር፤ ሞታለች ብለው ያለቀሱላትም ነበሩ። ትናንት ደወለች። "አባዬ አለችኝ። አባዬ፣ ስንዴው ታጨደ ወይ ብላ ጠየቀችኝ" አለ። ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

ማጨብጨቡን ሁሉ ረሳነው። የማሸጊያ ልጆች በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። የመጋዘኑ ጠባቂ ሄዶ አቀፈው። አቶ ና. እንኳ ወደ ሥራ አላለንም።

ቀኑን ሙሉ ፋብሪካው ሌላ ቤት መሰለ። ሰው በየማሽኑ ሥር "የቃሲም ልጅ ደወለች" ይባባላል። እኔ ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር። ሠራ። እውነት ሠራ። ለታዴ ነገርኩት። ባሌ አስተማሪ ነው፤ በሰልፍ ላይ የሚነገር ነገር ያታክተዋል። እስኪ በርቺ አለኝ፣ እርማቱን ሳያቋርጥ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ከቃሲም ወዲህ በየቀኑ ይናገራሉ። አንዷ ወንድሟ ፈተና አለፈ፤ አንዱ ላሙ ወለደች። ሐሊማ ብቻ ዝም። ትናንት ኮሪደር ላይ ያዝኳት፤ አንቺም እንጂ፣ ልጆቹ እኮ አንቺን ነው የሚያዩት አልኳት። ከቤት የሚነገር የለኝም አለች። አይጠፋም አልኳት። ጨቀጨቅኳት፤ እውነቱ ይሄ ነው።

ዛሬ ገባች። ሻርፗን አስተካከለች፣ መሬት መሬት እያየች፣ "ሁለት ነፍስ ሆኛለሁ" አለች።

እልልታው! ስንዴ የሚያራግፉት ሁሉ ከመኪና ላይ ወረዱ። ስንት ዓመት ሙሉ ልጅ ጠፍቶባት፣ አርቦዬ ከተማ ያለችው አማቷ ለልጇ ሌላ ሴት ስታፈላልግለት እንደነበር የማያውቅ የለም። ባሏ ጋሪ ነጂ ነው፤ እምቢ ብሎ የቆየ ሰው። ኦቦ ቃሲም እጁን ዘርግቶ "ረቢን ሲፍ ሃ ጉዲሱ" ብሎ መረቀ፤ ፈጣሪ ያሳድግልሽ። አሜን አልን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም።

ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው አቶ ና. ነው። ፎቶ አስነሣት፤ በፋብሪካው ቴሌግራም ላይ "ቤተሰባችን እያደገ ነው" ብሎ ለጠፈው። ሐሊማ ለጎረቤት እንኳ ገና አልተናገርኩም ነበር አለችኝ፣ እየሳቀች። ደስ ብሏት ነበር። ደስ ብሏት እንደነበር እወቂልኝ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

አቶ ና. ቢሮ ጠራኝ። የሐሊማ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ አናድስም፤ ደብዳቤ አዘጋጂ። ሳይቀልድብኝ አይቀርም ብዬ አየሁት። አይቀልድም። ኮንትራቷ ሲታደስ ነው የኖረው አልኩ፤ ከቋሚ ሠራተኛ በምን ትለያለች አልኩ። እሱማ ልክ ነሽ አለ። ግን ቀስ በቀስ ከባድ ማንሣት ታቆማለች፤ ከዚያ የወሊድ ፈቃድ፤ ከዚያ ማጥባት። ማሸጊያው ሰው ይፈልጋል። አሁን ስናሰናብታት ኮንትራቱ ስላበቃ ነው፣ ሌላ ምክንያት አይጻፍም።

"ክቡ ውስጥ ስለተናገረች ነው?" አልኩት።

"መሲ፣ ባትናገርም ሆዷ ይናገር ነበር። ቀድመን ማወቃችን ጠቀመን እንጂ።"

ጠቀመን። ይህን ያለበት አፍ ነው "ቤተሰባችን" ያለው።

ምን አልኩ መሰለሽ? እሺ ብዬ ወጣሁ።

ህዳር 1፣ ሰኞ

ሰጠኋት። ቢሮዬ ጠርቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ወንበር ስቤ። ቁጭ አላለችም። አነበበች። አጠፈችው፤ ደግሞ አጠፈችው፣ መዳፏ ውስጥ እስኪጠፋ።

ወይዘሮ ለማለት በኦሮምኛ "አዴ" ነው የምትለኝ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ። "አዴ መሠረት፣ ያን ቀን ባልናገር ኖሮ?"

ጠረጴዛዬን አየሁ። ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ታዴ እራት ላይ ምን ሆንሽ አለኝ። ራሴን አመመኝ አልኩት።

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

ክብ። የሐሊማ ቦታ ክፍት ነው፤ ማንም ተጠግቶ አልሞላውም። አቶ ና. በተለመደው ድምፁ እሺ ዛሬ ማን አለን አለ።

የመጀመሪያዋ ልጅ "ደህና ነኝ" አለች። አጠገቧ ያለችው "ደህና ነኝ"። ቀጣዩ "ደህና ነኝ"። ዙሩን ሄደ። ኦቦ ቃሲም ጋ ሲደርስ ሰውየው ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ አቶ ናትናኤልን አይደለም። "ደህና ነኝ" አለ። ተራው እኔ ጋ መጣ። እኔም ደህና ነኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አቶ ና. አጨበጨበ። ብቻውን።

በኋላ ቢሮ መጥቶ ስሜታቸው ወርዷል፣ አዲስ ነገር እናምጣ አለኝ። ለምን እንደወረደ አልጠየቀም። ልደት እናክብር አለ። ኬክ።

ህዳር 5፣ ዓርብ

ኬኩ መጣ። የማን ልደት እንደሆነ ግን መለየት ከባድ ነው፤ የግማሹ ሠራተኛ ልደት በፋይሉ ላይ መስከረም አንድ ነው፤ የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ጥቂት ነው። "የጥቅምትና የህዳር ልጆች" ተብሎ ተጻፈበት። በዚያ ላይ ክሬም። ዓርብ ቀን። ክርስቲያኑ አልነካውም። ሙስሊሙ ለጁምዓ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ እኔ፣ እሱ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ኬኩ ቀረን። እሱ ቆረሰ። እሷ ጾመኛ ነኝ አለች። እኔም።

ከጁምዓ ሲመለሱ ግቢ አልገቡም። ከአጥሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር ያለው ሣር ላይ ሐሊማ ተቀምጣ ነበር። የማሸጊያ ልጆችም ወጡ። ሁሉም የቋጠረውን ዘረጋ። ጋሪ ነጂው ባሏ ፈረሱን ፈትቶ አጠገባቸው ቆመ። ሲስቁ ይሰማኛል። የጥበቃው ሰው ሳይቀር በሩን ገርበብ አድርጎ ሄዶ ጎርሶ ተመለሰ።

ማንም አልጠራኝም። ለምን ይጠሩኛል። የቋጠርኩትን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታሁት፣ መልሼ ቋጠርኩት።

ህዳር 7፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ሐሊማ ቤቴ መጣች። ከነባሏ። ታዴ ተነሥቶ ወንበር ሰጠ። ሻይ አፈላሁ፤ ባሏ ጠጣ፣ እሷ አልነካችውም።

ለሠራተኛ ጉዳይ ጽ/ቤት ልትከስ ነው። የኮንትራቱ ማብቃት ሰበብ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋታል። ሥ/አስኪያጁ ምክንያቱን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። በደንብ አስባበታለች፤ ሳትለምን፣ ሳታለቅስ፣ እንደ ሥራ ጉዳይ አስረዳችኝ።

"አልመጣም ካልሽ አሁኑኑ ንገሪኝ፤ አልቀየምም። እመጣለሁ ብለሽ ከቀረሽ ግን እቀየማለሁ።"

ላስብበት አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች። በሩ ላይ "ቻው" አለችኝ፤ አዴ አላለችም።

ታዴ ገና ጋሪው ሳይርቅ ጀመረ። ልጃችን ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ናት፤ በኔ ደሞዝ ብቻ አንኖርም፤ ሰውየው ነገ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ አንቺ እዚህ ትቀሪያለሽ አለኝ። አልተሳሳተም። ሁሉም ልክ ነው። ልክ የሆነ ነገር እንዲህ ያስጠላል?

ህዳር 10፣ ረቡዕ

ታዴ ሰላሙን ነፈገኝ፣ እኔም ነፈግኩት። ልጃችን ቤቲ መሃላችን ትበላለች። ዛሬ ድንገት ማንኪያዋን አስቀመጠችና "እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚስ፣ እኔን ስታረግዢ?" አለች። አባቷ ዝም በይ አላት። ጆሮዋ ሁሉን ይሰማል።

እሷን ሳረግዝ የት ነበርኩ? ያኔ መንግሥት መ/ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ኃላፊዬ ደረጃ እንዳልወጣ ጠረጴዛዬን ወደ ምድር ቤት አስወረዱልኝ። አመስግኛቸው አላውቅም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ነበር።

ከገበታው ተነሥቼ ለሐሊማ ደወልኩ። እመጣለሁ አልኳት። "እሺ" ብላ ዘጋች።

ህዳር 16፣ ማክሰኞ

ጨረስኩ። ከሠራተኛ ጉዳይ ጽ/ቤት አሁን ተመለስኩ።

ትንሽ ክፍል። ጉዳዩን የምታየው ሴትዮ፣ ሐሊማ፣ ባሏ፣ የፋብሪካው ጠበቃ፣ አቶ ናትናኤል። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ለሱ የመጣሁ መስሎታል። ተናገርኩ። ቢሮ ጠርቶ ያለኝን፣ እንዳለ። "ቀድመን ማወቃችን ጠቀመን" ስል ፈገግታው ጠፋ።

ጠበቃው ተነሣ። ክቡን የፈጠረው ማነው? እኔ። ሐሊማን ተናገሪ ያላት? እኔ። ደብዳቤውን ያዘጋጀው? እኔ። ታዲያ ማንን ነው የሚከሱት አለኝ። ሐሊማን አየኋት። ግድግዳውን ታያለች።

"ተናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ያባረራት እሱ ነው። ሁለቱንም ልናገር ነው የመጣሁት" አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ውጭ ላይ ባሏ እጄን በሁለት እጁ ያዘው። ሐሊማ አመሰግናለሁ አለች። ደግሞ "ያልተናገርሽው ግን አለ። ያን ቀን እሺ ብለሽ መውጣትሽን" አለች። አልቆየችም፤ ጋሪው ላይ ወጣች።

ልክ ናት። እሱን አልተናገርኩም። የጠየቀኝ አልነበረም።

ህዳር 17፣ ረቡዕ

ቢሮዬ ገባሁ፤ የፋይል ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ተወስዷል። አቶ ና. ከዛሬ ጀምሮ ኮንትራትና ደሞዝ አይመለከትሽም አለ። "ክቡንና በዓሉን ያዢ።" መሲ አላለኝም፤ ወ/ሮ መሠረት ሆኛለሁ። የፈለግኩት ክብር እንዲህ ሆኖ መጣ።

ምሳ ላይ ኦቦ ቃሲም በሬን አንኳኳ። የተቀቀለ ድንች በወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ትኩስ ነበር። በላሁት፣ እያለቀስኩ። ለማንም እንዳትነግሪ።

ህዳር 24፣ ረቡዕ

ሐሊማ ትመለሳለች። ጽ/ቤቱ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት የፋብሪካው ባለቤት ከአ.አ. ደውሎ ጨርሱልኝ አለ ተባለ። ከሰኞ ጀምሮ፣ በቋሚነት። ወሬው ሲደርስ የማሸጊያ ልጆች ማሽኑ አጠገብ ተቃቀፉ። እኔም ቆሜ አየሁ፤ አንዷ ከሩቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ።

ደስታዬ እስከ ከሰዓት አልቆየም። አቶ ና. ጠራኝ። ሰኞ ጠዋት ክቡ ውስጥ የእንኳን ደህና መጣሽ ሥነ ሥርዓት ይዘጋጅ። አበባ። ፎቶ። ለቴሌግራሙ "ቤተሰብ ይጋጫል፣ ቤተሰብ ይታረቃል" የሚል ጽሑፍ። እሷም ሁለት ቃል ትናገራለች፤ ምን እንደምትል አዘጋጅተሽ ስጪያት አለኝ።

አየሁት። ክፋት ፊቱ ላይ ፈለግኩ፣ አጣሁ። የምሩን ነው። የምሩን ጥሩ ሐሳብ መስሎታል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ህዳር 28፣ እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ከሐሊማ ቤት አሁን ተመለስኩ። ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ነው የሚኖሩት። ስለ ነገው ነገርኳት። ካልፈለግሽ በማሸጊያው በር ቀጥታ ግቢ፣ አልመጣችም እላለሁ አልኳት። ይቅርታም ጠየቅኩ፤ እሺ ብዬ ስለመውጣቴ። ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ሰማችኝ። ይቅር ብዬሻለሁም አላለች፣ አላልኩሽምም አላለች።

"እቆማለሁ" አለች። "እናገራለሁም። ስናደድ ግን አማርኛዬ ይጠፋል። በኦሮምኛ ነው የምናገረው። ሰውየው አይሰማም። ማን ይተረጉምለታል?"

እኔ አልኩ።

የምትለውን እዚያው ነገረችኝ። ደስታዬን ስነግራችሁ አጨበጨባችሁ፤ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ሰው በደስታዬ አባረረኝ። የተመለስኩት ስለታረቅን አይደለም፣ ስለከሰስኩ ነው። እናንተ ልጆች፣ ቤታችሁ ያለውን ለጓደኛችሁ ንገሩ፤ እዚህ ክብ ውስጥ ግን ለማንም አትንገሩ።

"ሳታለሰልሺ?" አለችኝ።

ታዴ በር ላይ ጠበቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ቤቲን ጠርቶ የእናትሽን ጃኬት ተኩሺላት፣ ነገ ብርድ ነው አላት።

ህዳር 29፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ቁርስ አልበላልኝም። አበባውን አላዘዝኩም። ንግግር አልጻፍኩላትም። አቶ ናትናኤል ማታ ደውሎ ሁሉ ዝግጁ ነው ወይ አለኝ፤ ተዘጋጅተናል አልኩት። አላስጠነቅቀውም። ሊያባርረኝ ይችላል፤ አውቃለሁ፣ ፈርቻለሁም፣ ጀግና አድርገሽ እንዳታዪኝ።

ግን ሐሊማ ስትናገር አጠገቧ እቆማለሁ። እሱ ምን አለች ብሎ ወደኔ ሲዞር እነግረዋለሁ። ቃል በቃል፣ ሁሉም እየሰማ፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ሳላለሰልስ።